መስመሩ የማይነካቸው ነጥቦች

በኢንክስኬፕም ሆነ በኢሉስትሬተር መሥራት የጀመረ ሰው ቶሎ የሚሸሸው መሣሪያ ብዕሩ ነው። እርሳሱን መርጦ በማውዝ መሞነጫጨር ይቀላል፤ መስመሩም እጅ የሄደበትን መንገድ ተከትሎ ይመጣል። ጉዱ የሚታየው ሲጠጉት ነው። እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ሶፍትዌሩም መንቀጥቀጡን አንድ በአንድ ስለሚይዝ አንዲት አጭር ኩርባ ብዙ ነጥብ ተሸክማ ትገኛለች። የቬክተር ሥዕል ከቢዝነስ ካርድ እስከ ሕንፃ ባነር ቢለጠጥ ጥራቱን አይለቅም፤ ጉብታውም አብሮ ይለጠጣል።

ብዕሩ ሥራውን በሌላ መንገድ ይጀምራል። ጠቅ አድርገው ሳይለቁ ሲጎትቱ ከነጥቡ ግራና ቀኝ ሁለት እጀታዎች ይወጣሉ። ቀጥሎ ሁለተኛውን ነጥብ እንዲሁ ሲያስቀምጡ በመካከላቸው ኩርባ ይዘረጋል። አንድ የኩርባ ቁራጭ እንግዲህ በአራት ነጥቦች ይወሰናል፦ መነሻው፣ መድረሻውና የሁለቱ እጀታዎች ጫፎች። መስመሩ መነሻና መድረሻውን ይነካል፤ የእጀታዎቹ ጫፍ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይደርስም። ከሩቅ ሆነው ይጎትቱታል። የእጀታው አቅጣጫ መስመሩ ከነጥቡ ሲነሣ ወዴት እንደሚያመራ፣ ርዝመቱ ደግሞ በዚያ አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚገፋ ይወስናል።

ይህን አሠራር ያመጡት የፈረንሳይ መኪና ሠሪዎች ናቸው። ዲዛይነሩ በእጁ የሣለውን የመኪና ገላ ብረት ለሚቆርጠው ማሽን በቁጥር መንገር አስፈልጓቸው ነበር። በሲትሮዌን ይሠራ የነበረው የሒሳብ ሊቅ ፖል ደ ካስትልዦ እ.ኤ.አ. በ1959 መልሱን ጽፎ አስቀመጠ፤ ኩባንያው ግን ምስጢር አድርጎ ለዓመታት ያዘው። የሬኖው መሐንዲስ ፒየር ቤዚዬ በራሱ መንገድ ወደዚያው ደረሰ፤ በ1960ዎቹም ሥራውን ለሕዝብ አወጣ። ኩርባው እስከ ዛሬ የቤዚዬን ስም ይዞ ቀርቷል። ለደ ካስትልዦ ሁሌም ይቆረቁረኛል፤ ኩርባው የሚሠራበት ውብ ዘዴ የእሱ ነውና።

ዘዴውን በወረቀትና በማስመሪያ መሞከር ይቻላል። አራቱን ነጥቦች በቅደም ተከተላቸው በሦስት ቀጥታ መስመሮች ያገናኙ። በየመስመሩ አጋማሽ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ሦስት ነጥቦች ይሆናሉ። እነሱን በሁለት መስመሮች አገናኝተው እንደገና አጋማሻቸውን ይያዙ። የቀሩትን ሁለት ነጥቦች በአንድ መስመር ያገናኙ፤ የዚህ የመጨረሻው መስመር አጋማሽ በትክክል ኩርባው ላይ ያርፋል። ከአጋማሹ ይልቅ በየደረጃው ሩቡን ወይም ሲሶውን ቢወስዱ ሌላ የኩርባውን ነጥብ ያገኛሉ። እንዲህ ያለ ቀላል ሒሳብ እንዲያ ያለ ለስላሳ መስመር መውለዱ አሁንም ያስደንቀኛል።

አዶቤ ይህንኑ ኩርባ በ1980ዎቹ በፖስትስክሪፕት ወደ ኅትመት አስገባው፤ ኢሉስትሬተር በ1987 ሲወጣ ብዕሩን በዲዛይነሩ እጅ አኖረው። ዛሬ በስልክና በኮምፒውተር የምናነበው የግዕዝ ፊደል ሁሉ ማለት ይቻላል የሚሣለው በዚህ ዓይነት ኩርባ ነው።

ዐይኑን ዐ እንሣል። ለውጪው ዙሪያ አራት ነጥብ ይበቃል፦ አንድ ከአናቱ፣ አንድ ከግርጌው፣ አንድ አንድ ከግራና ከቀኝ። የላይና የታችኞቹ እጀታዎች ፍጹም አግድም፣ የጎኖቹ ፍጹም ቁም ይሁኑ። በኢንክስኬፕ ኮንትሮልን ተጭነው ሲጎትቱ እጀታው በ15 ዲግሪ እርከን ስለሚዞር ይህን መጠበቅ አያስቸግርም። ክብ ለማውጣት የእያንዳንዱ እጀታ ርዝመት የራዲየሱን 55 በመቶ ያህል መሆን አለበት። የቤዚዬ ኩርባ ፍጹም ክብ ሊሆን አይችልም፤ ሆኖም በአራት ቁራጭ ሲሠራ ስሕተቱ ከራዲየሱ 0.03 በመቶ አይሞላም፤ ዓይን አይለየውም። የውስጡን ዙሪያ ወደ ጎን ጠበብ አድርገው ሲደግሙት ጎኖቹ ወፍረው፣ አናቱና ግርጌው ቀጥነው ፊደሉ መልክ ይይዛል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከዚህ በኋላ ነው። በኢንክስኬፕ ነጥቡን መርጠው ሺፍትና ኤስን ሲጫኑ ሁለቱ እጀታዎች በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ይሰለፋሉ፤ ማዕዘኑም ይጠፋል። ይሁንና አንዱ እጀታ እጅግ አጭር፣ ሌላው እጅግ ረጅም ከሆነ የኩርባው መጠን ነጥቡ ላይ በድንገት ስለሚለወጥ ዓይን ጉብታ ያያል። ጀማሪ ያን ጊዜ ነጥብ ይጨምራል፤ እኔ ግን እጀታዎቹን አመጣጥኑ፣ ካልሆነም ነጥቡን አጥፉት እላለሁ። ኮንትሮልና ኤል ነጥቦችን በራሱ ይቀንሳል፤ ለፊደል ግን አላምነውም፤ ሹል ሆነው መቅረት ያለባቸውን ጫፎችም ያደበዝዛል።

የብራና ጽሕፈት ፎቶ ይዘው ፊደል የሚያወጡ ከሆነም ለራስ-ሰር መገልበጫው አይስጡት፤ የቀለሙን ፍሳሽ ሁሉ ነጥብ ያደርገዋል። ፎቶውን አደብዝዘው ከሥር ይቆልፉትና በላዩ በብዕሩ ይሂዱ። ሲጨርሱ ኤችን ተጭነው ፊደሉን ግራ ቀኙን ያገላብጡት፤ የለመደ ዓይን ያለፈው ጉብታ ያን ጊዜ ይወጣል።