ምስጢርና ማረጋገጫ፦ የአንጋፋው ጋዜጠኛ ቦብ ውድዋርድ የሥራ ዘመን

የፖለቲካና የጸጥታ ጉዳዮችን የሚከታተል ጋዜጠኛ ሥራው በአብዛኛው የሚመሠረተው ስማቸው እንዲጠቀስ በማይፈልጉ ባለሥልጣናት ቃል ላይ ነው። አንባቢው ቃሉን የሰጠውን ሰው ስለማያውቅ፣ እምነት ሊጥል የሚችለው መረጃው በተጣራበት ሥርዓት ላይ ብቻ ይሆናል። የዚህን ሥርዓት ጥንካሬና ድክመት በጉልህ ከሚያሳዩት መካከል የአሜሪካዊው ጋዜጠኛ ቦብ ውድዋርድ የሥራ ዘመን ይገኝበታል።

እ.ኤ.አ. በ1943 በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት የተወለዱት ውድዋርድ፣ በ1965 ከየል ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ለአምስት ዓመታት በባሕር ኃይል መኮንንነት አገልግለዋል። ከዚያም በሜሪላንድ በሚታተም አነስተኛ ሳምንታዊ ጋዜጣ ሙያውን ተለማምደው በ1971 ዋሽንግተን ፖስትን ተቀላቀሉ።

በጋዜጣው አንድ ዓመት ሳይሞላቸው፣ ጁን 17 ቀን 1972 ዋተርጌት በተባለው ሕንፃ የዴሞክራቲክ ፓርቲን ጽሕፈት ቤት ሰብረው የገቡ አምስት ሰዎች ተያዙ። ጉዳዩን እንዲከታተሉ የተመደቡት ውድዋርድ፣ ከተከሳሾቹ አንዱ ቀድሞ የማዕከላዊ የስለላ ድርጅት (ሲ.አይ.ኤ.) ባልደረባ እንደነበረ ሲናገር በችሎት ሰሙ። ተራ የሚመስለው የስርቆት ዜና መልኩን የለወጠው ያን ጊዜ ነው።

ውድዋርድና የሥራ ባልደረባቸው ካርል በርንስታይን የተከተሉት የገንዘቡን ዱካ ነበር። በኦገስት 1972 ለፕሬዚዳንት ኒክሰን የምርጫ ዘመቻ የታሰበ የ25 ሺህ ዶላር ቼክ ከሰርሳሪዎቹ በአንዱ የባንክ ሒሳብ መግባቱን ይፋ አደረጉ። “ዲፕ ትሮት” በሚል ቅጽል ስም የታወቀው ምስጢራዊ ምንጭ በዋናነት ያገለገለው ከሌሎች የተገኘውን መረጃ ለማረጋገጥና አቅጣጫ ለማሳየት ነበር። ይህ ሰው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ሁለተኛው ከፍተኛ ባለሥልጣን ማርክ ፌልት መሆናቸው የታወቀው ራሳቸው በ2005 ከገለጹ በኋላ ነው። ውድዋርድ የገቡትን ቃል ከ30 ዓመታት በላይ ጠብቀዋል።

ጥንቃቄው ግን ከስሕተት ሙሉ በሙሉ አላዳናቸውም። ኦክቶበር 25 ቀን 1972 በወጣው ዘገባ፣ የዘመቻው ገንዘብ ያዥ የነበሩት ሂዩ ስሎን የፕሬዚዳንቱን የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሃልደማንን የሚመለከት ቃል ለመርማሪው ጉባኤ ሰጥተዋል ተብሎ ተጻፈ። ስሎን ግን በጉባኤው ፊት ያን ቃል አልሰጡም ነበር። ሃልደማን በምስጢራዊው ገንዘብ ላይ ሥልጣን ነበራቸው የሚለው ፍሬ ነገር ትክክል ቢሆንም፣ መረጃው ከየት እንደመጣ በስሕተት መገለጹ ዋይት ሀውስ ጋዜጣውን እንዲያጥላላ በር ከፈተ። ጋዜጣው በ1973 የፑሊትዘር ሽልማትን ሲያገኝ፣ ኒክሰን ኦገስት 9 ቀን 1974 ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ዝናም ቢሆን ማጣራትን አይተካም። በ1980 ውድዋርድ በሚመሩት የከተማ ዜና ክፍል አንዲት ዘጋቢ የሄሮይን ሱሰኛ ስለሆነ የስምንት ዓመት ልጅ ጻፈች። ጽሑፉ በ1981 ፑሊትዘር ቢሸለምም፣ ልጁ በእውን ያልነበረ ፈጠራ መሆኑ ስለተረጋገጠ ሽልማቱ ተመለሰ።

ሌላው ፈተና የመጣው ከባለሥልጣናት ጋር ካላቸው ቅርበት ነው። ውድዋርድ በጁን 2003 አንዲት የሲ.አይ.ኤ. ባልደረባን ማንነት ከመንግሥት ባለሥልጣን ሰምተው ነበር። የማንነቷ መውጣት በልዩ ዐቃቤ ሕግ እየተመረመረ ሳለ እንኳ ለዋና አዘጋጃቸው ሳይናገሩ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይተው፣ በኖቬምበር 2005 ይቅርታ ጠየቁ። ለምንጭ የተገባ ቃል ለጋዜጣው ከሚገባ ታማኝነት ጋር ሲጋጭ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ በሰፊው ያከራከረው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2020ም ተመሳሳይ ክርክር ተነሥቷል። ፕሬዚዳንት ትራምፕ የኮሮና ቫይረስ ገዳይ መሆኑን በፌብሩዋሪ 7 ቀን ለውድዋርድ ነግረዋቸው ሳለ፣ ቃሉ ለሕዝብ የደረሰው በሴፕቴምበር መጽሐፋቸው ሊወጣ ሲል ነው። ቀደም ብሎ ቢታወቅ ኖሮ ሕይወት ያተርፍ ነበር ያሉ ተችዎች ነበሩ። ውድዋርድ በበኩላቸው የተነገራቸውን ነገር እውነትነት ለማጣራት ጊዜ እንዳስፈለጋቸው ገልጸዋል።

ከዚህ የሥራ ዘመን የሚገኘው ትምህርት ለጋዜጠኛ ብቻ የሚበቃ አይደለም። የዋተርጌትን ምስጢር ለመግለጥ የረዱት ቼኮች፣ የስልክ ማስታወሻዎችና የሒሳብ መዝገቦች በየመሥሪያ ቤቱ በየዕለቱ የሚዘጋጁ ዓይነት ሰነዶች ናቸው። በአግባቡ የተያዘ መዝገብ እውነቱን ከሐሜት ይለያል፤ በሐሰት የተወነጀለን ሠራተኛም ነጻ ያወጣል። መረጃ የሚሰጥ ባለሥልጣን ቃሉ በምን ስም እንደሚጻፍ አስቀድሞ መስማማት፣ ጋዜጠኛውም ቃሉን በሌላ ምንጭና በሰነድ ማመሳከር ይገባዋል። ከሁለቱ አንዱ ሲጓደል የሚጎዳው ሕዝቡ ነው።