ጎርፉ ከወጣ በኋላ የሚበቅለው

እንጀራ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ነጭና አረንጓዴ ነጠብጣብ ሲያወጣ ያላየ ቤት የለም። ከእርጥብ ግድግዳ፣ ከፍራሽ ሥርና ከቁም ሳጥን ጀርባ የሚወጣው ጥቁር ነገርም የዚያው ዘመድ ነው። ሻጋታ ሕይወት ያለው ፍጥረት ሲሆን ወገኑም ከእንጉዳይ ነው። ቀጫጭን ክሮቹን በሚበላው ነገር ውስጥ ይዘረጋል፤ በዓይን የማይታይ ዘሩን ደግሞ በአየር ይበትናል። ዘሩ በየክፍሉ አለ፤ ጠርጎ የሚጨርሰው ሰው የለም። ምግብና ሙቀት በቤታችን ሞልቶለታል፤ የሚጎድለው እርጥበት ብቻ ነው። ስለዚህ ከሻጋታ ጋር የሚደረገው ትግል ሁሉ ቤትን የማድረቅ ትግል ነው።

አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ላይ ይህ ትግል ይከብዳል። ትልቁና ትንሹ የአቃቂ ወንዞች ከአዲስ አበባ ሰሜንና ሰሜን ምዕራብ ተራሮች ተነሥተው፣ የከተማውን ቆሻሻ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ የሚወርዱት በዚህ በኩል ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ላዩ ሰፈር የዘነበው ታች ይደርሳል። በአካባቢው የሚበዛው ጥቁር መሬት ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ አንዴ ከጠገበ ወደ ታች አያሳልፍም። ጎርፉ ከጓሮ ከሄደ በኋላ እንኳ የቤቱ መሠረት ለሳምንታት በእርጥብ አፈር ተከብቦ ይቆያል።

ጭቃ ቤት በባሕር ዛፍ እንጨት፣ በጭቃና በጭድ ይሠራል። ጭዱና እንጨቱ ለሻጋታ ቀለብ ናቸው። ብሎኬትም ቢሆን ውሃ ይመጥጣል፤ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ሁሉ ግድግዳውም እርጥበቱን ወደ ላይ ይስባል። ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ብቻ ገብቶ፣ ነጠብጣቡ ከሳምንት በኋላ ከጉልበት በላይ የሚታየው ለዚህ ነው።

የረጠበ ዕቃ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ከደረቀ ብዙውን ጊዜ አይሻግትም። እነዚህን ሁለት ቀናት ብዙዎቻችን ወለል በማጠብ እንጨርሳቸዋለን፤ ፍራሹና ምንጣፉ ግን ጥግ ላይ ተቆልለው ይጠብቃሉ። መቅደም ያለበት የእነሱ መውጣት ነው። ደለሉም ሳይደርቅ መጠረግ አለበት። ቁም ሳጥንና አልጋ ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቁ። ጣሪያ አፍስሶ የማዳበሪያው ኮርኒስ ውሃ ቋጥሮ እንደሆነ ያ የኮርኒሱ ክፍል ይነሣ፤ ላዩ ደርቆ ሲታይ ውስጡ ይሻግታል። በክረምት የውጪውም አየር እርጥብ ስለሆነ፣ በርና መስኮት ፊት ለፊት የሚከፈተው ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ነው።

የወንዝ ጎርፍ የጠጣ የስፖንጅ ፍራሽ መጣል አለበት። ፍራሽ ስንት እንደሚያወጣ ለሚያውቅ ሰው ይህን መናገር ያሳዝናል። ቢሆንም የመጸዳጃ ፍሳሽ የቀላቀለ ውሃ ውስጡ ገብቷል፤ ፀሐይም እስከ መሃሉ አትደርስም። ልጅ የሚተኛበት ከሆነ ጭራሽ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ከሳል፣ ከአተነፋፈስ ችግርና ከአስም ጋር እንደሚያያዝ አስፍሯል።

የጤፍ ጆንያና የበርበሬ ዕቃም ይታዩ። እህልና በርበሬ ላይ ከሚወጡት ሻጋታዎች አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ። ምጣድም ሆነ ድስት ይህን መርዝ አያጠፋውም፤ የሻገተውን ለቅሞ ቀሪውን ማስፈጨትም አያድንም።

ቤት ለማድረቅ ተብሎ በር ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ሰው ይገድላል። የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛም አይነቃም። እጣንም የሻጋታውን ሽታ ይሸፍን እንደሆነ እንጂ ሻጋታውን አይነካውም። በረኪና በሴራሚክና በመስታወት ላይ ይሠራል። ጭቃ ግድግዳ ላይ ግን ውሃው ወደ ውስጥ ሰርጎ ሥር ያለውን ክር እንደገና ያጠጣዋል። በረኪናን ከአሲድ ማጽጃ ጋር መቀላቀል ደግሞ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይፈጥራል። ለጠንካራ ነገር ሳሙና፣ ውሃና ብሩሽ ይበቃል፤ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ዘሩ እንዳይቦን አስቀድሞ አርሶ ነው የሚፈተገው። የሻገተ ጭቃ ልስን ግን እስከ ደረቁ ድረስ ተፍቆ፣ እንጨቱ አየር አግኝቶ፣ ከዚያ በኋላ ይለሰናል።

በዚህ ሁሉ መሃል እንቁጣጣሽ ይደርሳል። ለበዓሉ ቤት መቀባት ደስ የሚል ልማድ ነው፤ ጎርፍ ለገባበት ቤት ግን ጊዜው ገና ነው። በእርጥብ ግድግዳ ላይ የዘይት ቀለም መቀባት፣ ወይም ጭቃውን በሲሚንቶ መለሰን፣ ውሃውን ውስጥ ይቆልፍበታል። ቀለሙ ይነፋል፣ ይላጣል፤ ሻጋታው ከሥሩ ብቅ ይላል። ለበዓሉ ቤቱን ነጭ አድርጎ ማየት ግድ ከሆነ ኖራ ይሻላል፤ ግድግዳው እንዲተነፍስ ይተዋል፣ ሻጋታም አይስማማውም።

ግድግዳው መድረቁን ለማወቅ ክንድ በክንድ የሆነ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቆ ማሳደር ነው። ጠዋት ከላስቲኩ ሥር ጤዛ ከታየ፣ የቀለሙ ቆርቆሮ ሳይከፈት ይቀመጥና ከመስቀል በኋላ ባለው ፀሐይ እንደገና ይሞከር።