አግድም ሰይፍ፣ ቁልቁል ሰይፍ

ሶልካሊበር ስለተባለው፣ በጦር መሣሪያ የሚፋለሙበት የቪዲዮ ጨዋታ ሁለት ወሬዎች ከዓመት ዓመት አይጠፉም። አንደኛው ጨዋታው ከተወለደ ጀምሮ ያው ነው፣ በየዕትሙ የሚታደሰው ሥዕሉ ብቻ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ የመጫወቻውን ቁልፎች ያለ ሐሳብ የደበደበ ጀማሪ የለመደውን ስለሚረታ ነገሩ የዕድል እንጂ የችሎታ አይደለም ይላል። ሁለቱም ፈጽሞ ሐሰት ቢሆኑ ኖሮ ማረሙ ቀላል ነበር፤ ችግሩ ግን እያንዳንዳቸው የእውነት ቁራጭ ይዘው መዞራቸው ነውና፣ ቁራጩን ከወሬው ለመለየት በጨዋታው ውስጥ ሰይፍ በምን ዓይነት ቦታና በምን ያህል ጊዜ እንደሚያልፍ መመልከት ግድ ይላል።

ወሬው እንዴት ሥር እንደሚሰድ ለመረዳት የካርቱሙን ሱቅ ዐረቢ ማሰብ ይጠቅማል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው ጦርነት እስኪዘረፍና እስኪቃጠል ድረስ ኤሌክትሮኒክስ ከልብስና ከሌላው ሸቀጥ ጎን ለጎን ይሸጥበት የነበረው ይህ የከተማይቱ መሐል ገበያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2017 የአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ባረፈበት አገር ውስጥ ነበር። ማዕቀቡ የጃፓን ዕቃ ሱዳን እንዳይገባ በቀጥታ ባይከለክልም፣ የዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ በአገሩ እንዳይሠራ በማድረጉ በኢንተርኔት ጨዋታ መግዛትን ለተራው ሰው ዘግቶበታል። ሶልካሊበር ከ1998 እስከ 2012 ያወጣቸው አምስቱም ዋና ዕትሞች በዚያው የማዕቀብ ዘመን ውስጥ ይወድቃሉ፤ ስድስተኛው የወጣው ማዕቀቡ ከተነሣ ከዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ነው። ከአራተኛው ዕትም ወዲህ ጨዋታው በኢንተርኔት በሚላክ ማስተካከያ እየታረመ የሚሄድ በመሆኑ፣ ዲስኩን ብቻ ያገኘ ተጫዋች የሚያውቀው በታተመበት ቀን ቆሞ የቀረውን ጨዋታ ነው። እንዲህ ባለ ገበያ «አልተለወጠም» የሚለው ቃል ያለ ምክንያት አልበቀለም። (ስለ መጫወቻ መሣሪያ የሚናፈሰው ወሬ ከዚህም ይከፋል፤ የጃፓን መንግሥት በ2000 ሁለተኛውን ፕሌይስቴሽን በወጪ ንግድ ቁጥጥር ሥር ባደረገበት ዓመት፣ ኢራቅ መሣሪያውን ለጦር ዓላማ በብዛት እየሰበሰበች ነው የሚል ዜና ዓለምን ዞሯል።)

የልደት ታሪኩ ባጭሩ የሚታለፍ ነው። ናምኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሶል ኤጅን በ1995 መጨረሻ በሳንቲም በሚሠሩ ማሽኖች ላይ አወጣ፤ በ1996 መጨረሻ ወደ ፕሌይስቴሽን ተዛወረ፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ አሜሪካና አውሮፓ ሲሻገር ሶል ብሌድ ተባለ፤ በ1998 ሶልካሊበር መጣ። በሰይፍ መፋለም ያን ጊዜም አዲስ አልነበረም፤ ኤስኤንኬ ሳሙራይ ሾዳውንን በ1993 በጠፍጣፋ ሥዕል፣ ታምሶፍት ደግሞ ቶሺንደንን በ1995 መባቻ ጥልቀት ባለው ሥዕል አቅርበዋል። ሥዕልን በተመለከተ ሊነገር የሚገባው አንድ ነገር ቢኖር በ1999 ለድሪምካስት የቤት መጫወቻ የተሰናዳው ሶልካሊበር ከማሽኑ ዕትም በልጦ መገኘቱና ፋሚትሱ የተባለው የጃፓን መጽሔት ከ40 ነጥብ 40 መስጠቱ ነው፤ ያን ጊዜ የቤት መጫወቻ ሁልጊዜ የአዳራሹ ማሽን ጥላ ነበርና። ስለ መልክ ይህ ይበቃል።

ዋናው ነገር ያለው እግር ሥር ነው። እስከዚያ ዘመን ጥልቀት አላቸው የተባሉት የፍልሚያ ጨዋታዎች በአመዛኙ በጠፍጣፋው ሕግ ይመሩ ነበር፤ ሁለቱ ተፋላሚዎች በአንድ ቀጭን ገመድ ላይ ፊት ለፊት እንደቆሙ ሆነው ወደፊትና ወደኋላ ይላሉ፣ አልፎ አልፎም አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይሰርቃሉ። የ1998ቱ ዕትም ገመዱን በጠሰው። «የስምንት አቅጣጫ ሩጫ» በተባለው ሥርዓት ተጫዋቹ መቆጣጠሪያውን ከስምንቱ አቅጣጫዎች ወደ አንዱ ገፍቶ በያዘ ቁጥር ተፋላሚው ወደዚያው ይሄዳል፤ ተቃራኒውንም እንደ አውድማ ምሰሶ መሐል አቁሞ ሊዞረው ይችላል። ይህ ነፃነት ብቻውን ቢሰጥ ኖሮ ጨዋታውን ባጠፋው ነበር፤ ዘወትር የሚዞርን ሰው ማንም አይነካውምና። ስለዚህ ምቶቹ በሁለት ዘር ተከፈሉ፤ ሰይፉን ከጎን ወደ ጎን የሚያሳልፍ አግድም ምት፣ ሰይፉን ከላይ ወደ ታች ወይም ከታች ወደ ላይ የሚያሳልፍ ቁልቁል ምት። (ከታች ወደ ላይ የሚወጣውን «ቁልቁል» ማለት ለጆሮ ይጎረብጣል፤ ሆኖም «ቀጥ ያለ ምት» ቢባል ከሚወጋ ምት ጋር ስለሚምታታ፣ ጉርባጣው ስም ከሚያሳስተው ይሻላል።) የሁለቱ ምቶች መለያ ቁልፎች ከሶል ኤጅ የተወረሱ ቢሆኑም ልዩነታቸው ሙሉ ትርጉም ያገኘው ተፋላሚው መዞር ከቻለ በኋላ ነው።

ልዩነቱን በስፋት ስሌት ማየት ይቻላል። የክንድና የሰይፍ ርዝመት ተደምሮ 1.5 ሜትር ነው ቢባልና አግድሙ ምት 120 ዲግሪ ቢጠርግ፣ ሰይፉ በመሬት ላይ የሚጥለው ጥላ ወደ 2.4 ካሬ ሜትር የሚጠጋ የድፎ ቁራሽ መልክ ይይዛል። ቁልቁሉ ምት ግን በዚያው ርዝመት 20 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ቀጭን ቅዳጅ ብቻ ነው፤ ስፋቱም 0.3 ካሬ ሜትር ነው። አንዱ ከሌላው ስምንት እጥፍ ቦታ ይሸፍናል። ስለዚህ ወደ ጎን የሚሸሽ ሰው ለአግድሙ ሲሳይ ነው፤ ለቁልቁሉ ግን ግማሽ እርምጃ ይበቃዋል። ሚዛኑ እንዲጠበቅ ቁልቁሉ በጉዳትና በርቀት እንዲበልጥ ይደረጋል፤ ሰፊው ያነሰ ይጎዳል፣ ጠባቡ የበለጠ ይጎዳል። በጉግስ ሜዳ ከኋላ ዘንግ የተወረወረበት ፈረሰኛ በኮርቻው ላይ ወደ ጎን አጋድሎ ይድናል፤ ዘንጉ መሬቱን ሁሉ እየጠረገ ቢመጣ ግን ማጋደል ምንም አይረባውም።

ሌላ የተሸሸገ አሠራርም አለ። ተፋላሚው ምት ሲጀምር ኮምፒዩተሩ አካሉን ራሱ ወደ ተቃራኒው ያዞርለታል፤ ይህ መዞር ግን ምቱ ከማረፉ ጥቂት ቀደም ብሎ ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ ሰይፉ በተነጣጠረበት መሥመር ብቻ ይወርዳል። መዞሩ ከመቆሙ በፊት ወደ ጎን የወጣን ሰው ምቱ ራሱ ተከትሎት ይመጣል፤ ከቆመ በኋላ የወጣ ይድናል፤ እጅግ የዘገየ ይመታል። ብዙ ጀማሪዎች «ወደ ጎን ብወጣም መታኝ» ብለው የሚያማርሩት ዘግይተው ሳይሆን ቸኩለው ነው።

ሰይፉ መንካቱስ እንዴት ይታወቃል? ጨዋታው በሴኮንድ 60 ፍሬም ያሳያል። (ፍሬም በአማርኛ የፎቶግራፍ ወይም የበር ማቀፊያ ሆኖ ስለተለመደ ግር ያሰኛል፤ እዚህ ግን ተከታታይ ሆነው እንቅስቃሴን ከሚያስመስሉት ምሥሎች አንዱ ነው።) አንድ ፍሬም 16.7 ሚሊሴኮንድ ያህል ይቆያል። የሰይፍ ጫፍ በሴኮንድ 20 ሜትር ቢበር በአንድ ፍሬምና በሚቀጥለው መካከል 33 ሳንቲ ሜትር ይዘልላል፤ የሰው ክንድ ውፍረት ደግሞ ከ10 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ኮምፒዩተሩ ሰይፉ ያለበትን ቦታ በየፍሬሙ ብቻ ቢጠይቅ፣ በአንዱ ፍሬም ከክንዱ ወዲህ፣ በሚቀጥለው ከክንዱ ወዲያ ያገኘውና ነክቶ ማለፉን ሳያውቅ ይቀራል። ፈረስ ዘልሎት ያለፈውን ቦይ ኮቴ በመቁጠር ብቻ ለማወቅ እንደመሞከር ነው። እንዲህ ላለው ችግር የተለመደው መፍትሔ ሁለቱን የሰይፍ አቋሞች አገናኝቶ በመካከላቸው የተጠረገውን ገጽ ሁሉ እንደ ስለት መቁጠር ነው። በእጅ ቡጢ በሚፋለሙበት ጨዋታ ቡጢው አጭር በመሆኑ ነገሩ ብዙም አያስጨንቅም፤ ረጅም ዱላ፣ መጥረቢያና እንደ ተፋላሚዋ አይቪ ሰይፍ ተበታትኖ ጅራፍ የሚሆን ብረት በገባበት ጨዋታ ግን አለዚህ ፍትሕ የለም።

አሁን ቁልፍ ስለሚደበድበው ጀማሪ። ሰው አንድ ብርሃን አይቶ አንድ ቁልፍ ለመጫን ከ200 እስከ 250 ሚሊሴኮንድ፣ ማለትም ከ12 እስከ 15 ፍሬም ይወስድበታል። በ20 ፍሬም የሚያርፍ ቁልቁል ምት 333 ሚሊሴኮንድ ስላለው፣ ላየው ሰው የሚተርፈው አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ገደማ ነው፤ ከዚያ በብዙ የፈጠነውን አይቶ ማምለጥ ከቶ አይቻልም። ስለዚህ በቅርብ ርቀት የሚደረገው ፍልሚያ በማየት ሳይሆን በመገመት የሚደረግ ነው፤ ራሱ ምን እንደሚጫን የማያውቀውን ጀማሪ ደግሞ ማንም ሊገምተው አይችልም። በዚህ ላይ የሚደበድበው እጅ አግድም ምት ደጋግሞ መልቀቁ አይቀርም፣ አግድም ምት ደግሞ ዘዋሪን ሁሉ ይጠርጋል። የወሬው እውነተኛ ቁራጭ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ከላይ የተጠቀሱት የምላሽ ቁጥሮች እንደ ሕግ መወሰድ የለባቸውም፤ የሥነ ልቦና ምርምር ራሱ በዚህ ጥያቄ ላይ በብዙ ይከራከራልና። ቁጥሮቹ የሚታየውም የሚጫነውም አንድ በሆነበት የቤተ ሙከራ ሁኔታ የተለኩ ናቸው፤ ዊልያም ሂክ በ1952 እንዳሳየው አማራጭ በበዛ ቁጥር ምላሹ ይዘገያል፣ ጨዋታውም ከአማራጭ በስተቀር ምንም አይደለም። በአንጻሩ የሂክ ሕግ በልምምድ ብዛት እንደሚለዝብ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። የቴሌቪዥኑ መዘግየት በራሱ ብዙ ፍሬም ሊበላ ይችላል። የጎበዝ ተጫዋች ነርቭ ከሌላው ይፈጥናል ወይስ ምልክቱን ቀድሞ ያነብባል ለሚለውም፣ ሁለተኛው ይበልጥ የሚያስማማ ቢሆንም የሁለቱን ድርሻ ለይቶ መመዘን አስቸጋሪ ነው።

የሚያከራክር ያልሆነው ጀማሪው የሚሸነፍበት መንገድ ነው። እያንዳንዱ ምት ከማረፉ በፊት መነሻ፣ ካረፈ በኋላ መሰብሰቢያ ጊዜ አለው። የተመከተ ምት የሰነዘረውን ሰው ከመከተው ይልቅ 12 ፍሬም ካዘገየው፣ መካቹ በ12 ፍሬም የሚያርፍ ምት ካለው ያለ ግምት ይመታዋል፤ እዚህ ዕድል የሚባል ነገር የለም፣ መቀነስ ብቻ ነው። ደብዳቢው ከተመከተበት በኋላም መደብደቡን ስለማይተው ይህን ዕዳ በየጊዜው ይከፍላል።

ጨዋታው ያልደረሰበት ነገርም አለ፤ እሱም የጋሻ አሠራር ነው። በሱዳን ካስካራ የሚባለው ሰይፍ ቀጥ ያለ፣ በሁለቱም በኩል የተሳለ ሲሆን፣ የኢትዮጵያው ሾተል እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው፤ የሁለቱ አገሮች ሠራዊት በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ በገጠሙ ጊዜ ስለት ለስለት ተገናኝተዋል። የሾተል ጉብጠት ከጋሻ ጀርባ ያለውን ሰው ለመድረስ ነው ይባላል፤ ይህም ቢሆን በጥንቃቄ መነገር ያለበት ነው፣ በየቤተ መዘክሩ የቀረው ብረቱ እንጂ አያያዙ አይደለምና። የሶልካሊበር መከላከያ ግን የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምቱ የመጣው ከፍ ብሎ ነው ወይስ ዝቅ ብሎ? ግራና ቀኝ በጋሻ ፊት ምንም ትርጉም የለውም። በዚህ ሕግ ሾተልና ካስካራ አንድ ዓይነት ብረት ናቸው፤ ጉብጠቱን ለመግለጽ ያለው መንገድ ምቱን «የማይመከት» ብሎ መሰየም ብቻ ነው፣ ያም ስያሜ እንጂ ጂኦሜትሪ አይደለም።

ከ1998 ወዲህ የመጡት ዕትሞች ታሪክ በአብዛኛው የመመከት ዋጋ ስንት ይሁን የሚል ድርድር ነው። በሶል ኤጅ ደጋግሞ የመከተ ሰው ሰይፉ ተሰብሮ ባዶ እጁን ይቀር ነበር፤ ሶልካሊበር ይህን ሰረዘ። በ2008 አራተኛው ዕትም ዝም ብሎ የሚመክተውን የሚቀጣ መለኪያ መለሰ፤ ስለዚያ ዕትም የተጻፈው አብዛኛው ግን ከስታር ዋርስ ፊልም በእንግድነት ስለመጡት ስለ ዳርዝ ቬደርና ዮዳ ብቻ ነው። የተቃራኒን ምት በጊዜው ገፍቶ የማስቀረቱ ጥበብ ከመጀመሪያው ጀምሮ በነፃ ሲሰጥ ቆይቶ፣ በ2012 አምስተኛ ዕትም ከጉልበት ክምችት የሚከፈል ሆነ፤ በ2018 እንደገና ነፃ ወጣ። ያው የ2018 ዕትም «ሪቨርሳል ኤጅ» የሚባል ምት ጨመረ፤ ምቱ ከያዘ ጊዜው ይዘገይና ሁለቱ ተፋላሚዎች እንደ ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ ምርጫቸውን በአንድ ላይ ይገልጣሉ። ነባሮቹ ተጫዋቾች ፍልሚያውን ያቋርጣል ብለው ያጉረመረሙበት ይህ ሥርዓት፣ በ15 ፍሬም ውስጥ ተሸሽጎ የኖረውን ግምት አዘግይቶ ለጀማሪ ዓይን ማሳየት ነው።

በ2020 ደግሞ የሳሙራይ ሾዳውኑ ሐኦማሩ በእንግድነት ስድስተኛውን ዕትም ተቀላቀለ። በ1993ቱ ጠፍጣፋ ቤቱ ሰይፉን ሽቅብ አንሥቶ ሲያወርድ ተቃራኒው መመከት፣ መዝለል ወይም ማፈግፈግ እንጂ ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ በአዲሱ ሜዳ ያው ምት ሲወርድ ተቃራኒው ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ይላል፣ ሰይፉም መሬት ይመታል።