የሸክላ ማጫወቻ መርፌ በጆሮ ሲመረጥ
የሸክላ ማጫወቻውን ካርትሪጅ (መርፌውን የሚይዘውን ክፍል) ለመቀየር ያሰበ ሰው ከዋጋው በፊት የመርፌውን ጫፍ ቅርጽና አተካከል ቢጠይቅ ይሻለዋል። የዴንማርኩ ኦርቶፎን «2ኤም ሬድ» እና «2ኤም ብሉ» አካላቸው አንድ ነው፤ መርፌው ብቻ ተነቅሎ ይቀየራል። የብሉው አልማዝ በቀጥታ በመርፌው ዘንግ ላይ ስለተተከለ ቀለል ይላል፤ የሲምባሉን ስስ ድምፅና የዘፋኙን ትንፋሽ ለይቶ ያወጣል። በአንጻሩ የጃፓኑ ዴኖን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚሠራው «ዲኤል-103» ጫፉ ክብ ነው፤ ወደ ሸክላው መሃል ሲጠጋ ቀጫጭኑን ሞገድ በሙሉ አይከተልም፣ የሰው ድምፅ ግን ሞላ ብሎ ይሰማል።

በልኬት የሚበልጠው እያለ ጣዕም ምን አገባው የሚል ይኖራል። ልኬቱ እውነት ነው፤ ሆኖም ስል መርፌ የቀረጻውንም ሻካራነት አብሮ ያወጣል፤ ድምፃዊን ብቻ ለሚያሳድድ አድማጭ ይህ ትርፍ አይደለም። ከዴኖኑ የሚወጣው ሲግናል ግን 0.3 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ተጨማሪ ማጉያ የሌለው ሰው ሒሳቡን አስቀድሞ ይሥራ።