ኔትወርክ ፍለጋ ተራራ የወጣችው ወፍ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ደም ግፊትም ስለ ጨጓራም አይደለም። ስለ ጌም ነው። አዎ፣ ስለ ጌም። «ልጄ ከስልኩ ላይ ዓይኑን አይነቅልም፣ ምን ላድርገው?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ ወላጆች እንዳትቀየሙኝ፣ የእናንተንም ጥያቄ እግረ መንገዴን እነካዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሌሊት ዱቲ ስወጣ እንቅልፍ ቶሎ እሺ አይለኝም። ሰውነቴ ቤት ገብቷል፣ ጭንቅላቴ ግን ገና ድንገተኛ ክፍል ነው ያለው። ያኔ የማደርገውን እናንተም ታውቁታላችሁ፦ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ቲክቶክ ወደ ላይ መግፋት። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። ስነሳ ደግሞ ከተኛሁ በፊት ይልቅ ደክሞኝ ነው የምነሳው። አንድ ጓደኛዬ ይህን አይቶ ላፕቶፔ ላይ አንድ ትንሽ ጌም ጫነልኝ። «ኤ ሾርት ሃይክ» ይባላል፣ አጭር የእግር ጉዞ እንደማለት ነው።

የሠራው አዳም ሮቢንሰን-ዩ የተባለ ካናዳዊ ነው። በመቶ የሚቆጠር ሠራተኛና በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የፈሰሰበት ጌም አይደለም። አብዛኛውን ሥራ የሠራው እሱ ራሱ ነው፣ ሙዚቃው ደግሞ የማርክ ስፓርሊንግ ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሆን በ2020 በኢንዲፔንደንት ጌምስ ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ወስዷል። ምስሉን ስታዩት ግን የድሮ ጌም ነው የሚመስላችሁ፣ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ያለ። መጀመሪያ ላይ «ይሄ ነው እንዴ?» ብዬ ነበር።

ክሌር ትንሽ ወፍ ናት። ክረምቱን ለማሳለፍ የፓርክ ጠባቂ የሆነችው አክስቷ ጋ፣ ሆክ ፒክ የሚባል ተራራ ያለበት ፓርክ ሄዳለች። አስፈላጊ ስልክ እየጠበቀች ነው፣ ችግሩ ፓርኩ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ኔትወርክ የሚይዘው ተራራው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ መውጣት አለባት። ታሪኩ በቃ ይሄ ነው።

ለመውጣት ወርቃማ ላባ መሰብሰብ አለባችሁ፣ አንድ ላባ በጨመረ ቁጥር ትንሽ ከፍ ብሎ መብረር፣ ትንሽ ረዘም አድርጎ ገደል ላይ መንጠልጠል ይቻላል። ጫፉ አካባቢ ደግሞ ብርዱ ላባውን ያደርቅባችኋል። መንገድ ላይ የምታገኟቸው ሁሉ እንስሳት ናቸው፦ ባሕር ዳርቻ ላይ የአሸዋ ቤተ መንግሥት የምትሠራ እንቁራሪት፣ የራስ ማሰሪያዋ ጠፍቶባት የተከፋች ሯጭ ጥንቸል፣ ዛጎል ሰብስቡልኝ የሚል ሕፃን። ብትፈልጉ ታግዟቸዋላችሁ፣ ባትፈልጉ ዓሣ ታጠምዳላችሁ። ጠላት የለም። የሚቆጥር ሰዓት የለም። ከገደል ብትወድቁ እንኳ ምንም አትሆኑም፣ ተነስታችሁ መሄድ ነው። ለእኔ ከ12 ሰዓት ዱቲ በኋላ፣ ማንም የማይሞትበት ቦታ ላይ ሁለት ሰዓት መቆየት ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም።

ከዚህ በኋላ ያለው የጌሙን መጨረሻ ይነግራችኋል፣ መጫወት የምትፈልጉ እዚህ ጋ አቁሙና ተጫውታችሁ ተመለሱ።

ክሌር ጫፉ ላይ ስትደርስ ስልኩ ይጠራል። የደወለችው እናቷ ናት። እናትየው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፣ ደህና ናት። ያቺ ዓሣ ስታጠምድ፣ ዛጎል ስትለቅም የዋለች ወፍ ለካስ ሙሉውን ቀን ሆዷ ውስጥ ይህን ይዛ ነው የዋለችው። ላፕቶፑን ዘግቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ምክንያቱም እኔ እዚያ ተራራ ላይ ነበርኩ። ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብኩት ከከተማ ራቅ ያለ ትንሽ ሆስፒታል ነበር። ግቢው ውስጥ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ቤተሰብ ጋ ለመደወል ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ መውጣት ነው። ማታ ማታ ነርሱም፣ ላብራቶሪውም፣ መምህራኑም እዚያ ነን፣ ሁላችንም ስልካችንን ወደ ሰማይ ይዘን። አንድ ሰሞን ስደውል እህቴ ናት የምታነሳው። «እማዬስ?» ስላት «ለቅሶ ቤት ሄዳለች» አለችኝ። በማግስቱም ለቅሶ ቤት። በሦስተኛው ቀን እማዬ ራሷ አነሳችና እየሳቀች «ሐሞቴን አወጡልኝ እኮ» አለችኝ። ተናደድኩ። ሐኪም ልጅ እያላት! እሷ ግን «አንቺ እዚያ ሆነሽ ምን ታደርጊያለሽ? ታካሚዎችሽ ላይ ሐሳብሽ እንዳይበተን ብዬ ነው» አለች። ክሌር ቢያንስ ስልክ እንደሚደወልላት ታውቅ ነበር።

እንግዲህ እዚህ ላይ ራሴንም ላጋልጥ። ቆይቶ እኔም ዋርድ ውስጥ የዚሁ ነገር ተባባሪ ሆኛለሁ። በማግስቱ ጠዋት ኦፕራሲዮን የምትገባ እናት ነበረች። አስታማሚዎቿ ኮሪደር ላይ ይዘውኝ «ዶክተር፣ ልጇ ዓረብ ሀገር ናት፣ ብትደውል እንዳትነግሪያት፣ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች» አሉኝ። ማታ ልጅቷ ደወለች፣ ስልኩን ሰጡኝ። «ዶክተር፣ እናቴን ጉንፋን ነው አሉኝ። ለጉንፋን ሆስፒታል ያስተኛል እንዴ?» እኔ ምን አልኩ? «እናትሽ እየተከታተልናት ነው፣ አይዞሽ» ብዬ ስልኩን መለስኩ። ውሸት አልተናገርኩም። እውነትም አልተናገርኩም።

እዚያው ቆሜ እያለ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ፦ እናትየውን ማንም አልጠየቃትም! ሚስጥሩ የአስታማሚዎቹ አይደለም፣ የእኔም አይደለም፣ የታካሚዋ ነው። ሄጄ አልጋዋ ጋ ተቀመጥኩና «ለልጅሽ ይነገራት ወይ?» አልኳት። «ታዲያስ! ድምጿን ሳልሰማ ልገባ ነው?» አለችኝ። በዚያች ሌሊት ለግማሽ ሰዓት ያህል አወሩ። እኔ መድኃኒት የምጽፍ መስዬ አጠገባቸው ቆይቼ ነበር።

ስለዚህ ቤታችሁ ኦፕራሲዮን የሚገባ ሰው ካለ መጀመሪያ እሱን ጠይቁት፣ ማን ይወቅ ማን አይወቅ የሚለውን እሱ ይወስን። ለልጆችም ቢሆን በዕድሜያቸው ልክ ንገሯቸው። ልጅ የቤቱ ድባብ ሲቀየር ያውቃል፣ ምክንያቱን ካልነገራችሁት ደግሞ የባሰውን ራሱ ይፈጥራል። ሩቅ ላለው ሰው የሚደውል አንድ ሰው ምረጡ፣ አንድ ብቻ። አምስት ሰው አምስት ዓይነት ወሬ ሲያወራ ነው ሰው የሚደነግጠው።

ሌላው፣ በር ላይ ቆማችሁ ስትጠብቁ «ሁለት ሰዓት ነው ብለውን አራት ሰዓት ሆነ፣ አንድ ነገር ተፈጥሯል» ብላችሁ አትለቁ። ሐኪሙ ሁለት ሰዓት ሲላችሁ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ኦፕራሲዮኑ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የማደንዘዣ ዝግጅት አለ፣ ከዚያ በኋላ ታካሚው ሪከቨሪ ክፍል ውስጥ በደንብ እስኪነቃ ይቆያል። ከእናንተ በፊት ድንገተኛ ታካሚ ገብቶ ወረፋው ተገፍቶም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሳይገባ በፊት «ሲያልቅ ማን ነው የሚነግረን? የት እንጠብቅ?» ብላችሁ ጠይቁ። አናፍርም፣ ሥራችን ነው።

እና እባካችሁ፣ ጉርሻ! «አንዲት ጉርሻ ብቻ ነው ያጎረስኳት» ተብሎ የተሰረዘ ኦፕራሲዮን አይቻለሁ። ሰው ሲደነዘዝ ሆዱ ውስጥ ያለው ምግብ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ለዚህ ነው የምንጨቀጭቃችሁ። በአብዛኛው ጠንካራ ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ቅባት የበዛበት ከሆነ 8 ሰዓት ቀደም ብሎ ይቆማል። ንጹሕ ውሃ እስከ 2 ሰዓት ድረስ ሊፈቀድ ይችላል። ግን የሆስፒታላችሁ ትእዛዝ ከእኔ ፖስት ይበልጣል።

የወላጆችን ጥያቄ ረሳሁት እንዳትሉኝ። ጌም ሁሉ ሱስ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ችግርን ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፣ ነገር ግን የሚያየው የሰዓቱን ብዛት ብቻ አይደለም። ልጁ ማቆም እያቃተው ነው? ከምግብ፣ ከትምህርት፣ ከጓደኛ ሁሉ ጌሙ ቀድሟል? ጉዳቱን እያየ ቀጥሏል? ይህ ደግሞ በአብዛኛው ለአንድ ዓመት ያህል ሲዘልቅ ነው ያ ስም የሚሰጠው። ሁለት ሰዓት ላይ የሚያልቅ የወፍ ጌም እና ማለቂያ የሌለው ጌም አንድ አይደሉም። አልጋ ውስጥ ይዞ መግባቱ ግን ለሁለቱም አይሆንም፣ ይህን ለራሴም ነው የምለው። አሁን ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የምጫወተው።

ባለፈው እሑድ እማዬ ቡና እያፈላች ጌሙን አሳየኋት። መጀመሪያ ዞራም አላየችኝ። ክሌር ዓሣ ማጥመድ ስትጀምር «ስልክ እጠብቃለሁ ብላ ዓሣ ታጠምዳለች እንዴ? ረሳችው?» አለችኝ። አልረሳችም አልኳት። ሁለተኛውን ቡና ቀድታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጫፉ ላይ ደርሰን ስልኩ ሲጠራ፣ እኔ ሆን ብዬ ትንሽ ቆየሁ።

«አንሺው እንጂ!» አለች እማዬ። «ምን ትጠብቂያለሽ?»