ባዶው ወንበርና አስተርጓሚው

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በሲኒማ ቤት ውስጥ ተደርድሮ የሚታይ ባዶ ወንበር፣ ለዓይን ምንም ጉዳት የሌለበት ቢመስልም፣ በምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ሚዛን ሲመዘን በየሰዓቱ የሚበላሽ ሸቀጥ ነው፤ ስንዴ ለከርሞ በጎተራ ይቀመጣል፣ ቡናም ዋጋው እስኪሻል በመጋዘን ይቈያል፣ ያልተሸጠ የጠዋት ወንበር ግን ወደ ማታ አይተላለፍምና ከሰዓቱ ጋር አብሮ ይሞታል። የአዳራሹ ኪራይ፣ የመሣሪያው ዕዳና የዘበኛው ደመወዝ ሰው ቢገባም ባይገባም የሚከፈሉ ስለሆኑ፣ ባለ ሲኒማው በማለዳ በሩን ሲከፍት የሚጨምረው ወጪ ከመብራት፣ ከአንድ የማሽን ሠራተኛና ከጽዳት እምብዛም አያልፍም። በብዙ አገር የሕፃናት ፊልም በማለዳ መታየቱ ልማድ ሆኖ የኖረው፣ መክሊቱን ቀብሮ መተው ያልወደደ ነጋዴ ይህን ሒሳብ አስቀድሞ ስላሰላው ነው።

በዚያውም ላይ ሕፃን ብቻውን ትኬት አይቈርጥም። እናቱ ወይም አያቱ ተከትለውት ይገባሉ፣ ፈንዲሻና ለስላሳ መጠጥ ይገዛል፣ ከፊልሙም በኋላ ጨዋታ ይፈለጋል፤ በቦሌ የተሠራው ኤድና ሞል ሲኒማውንና የልጆች መጫወቻውን በአንድ ጣሪያ ሥር ያደረገው ይህን ጠንቅቆ በማወቅ ነው።

እንግዲህ ወንበሩ ባዶ፣ ወላጁም ፈቃደኛ ከሆነ፣ ከታላላቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች ውጭ ያለው ዓለም ለልጆች የሚሠራው ፊልም ስለምን ወደ ሰፈራችን ሲኒማ እምብዛም አይደርስም? ፊልሙ ውድ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ ይህን ለመቀበል ይቸግረኛል። የፊልም ኪራይ ብዙውን ጊዜ ከትኬት ሽያጭ ላይ በመቶኛ የሚታሰብ ነው፤ ማጓጓዣውም ቢሆን፣ ቀድሞ በብረት ጣሳ የታሸገው ባለ 35 ሚሊሜትር ፊልም ለተሸካሚ የሚከብድ ጭነት የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ በእጅ ቦርሳ የምትያዝ የኮምፒዩተር ዲስክ ሆኗል። ልጆቹ ሌላ አይወዱም የሚለውም ምክንያት በኪሪኩ ታሪክ ይፈርሳል፤ ፈረንሳዊው ሚሼል ኦስሎ እ.ኤ.አ. በ1998 በምዕራብ አፍሪካ መንደር ስለ ተወለደ አንድ ብልህ ሕፃን የሠራው፣ ዜማውን ሴኔጋላዊው ዩሱ ንዱር የደረሰለት ይህ የካርቱን ፊልም፣ በፈረንሳይ ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አግኝቷል።

በእኔ ግምት ፊልሙን የሚያግደው ኬላ ልሳን ነው። ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ በስክሪኑ ግርጌ እየተሽቀዳደመ የሚያልፈውን ጽሑፍ አንብቦ አይደርስበትም፤ ስለዚህ ድምፁ በራሱ ቋንቋ ሊለበስለት ይገባል። ለዚህም ሥራ፣ ዳቢንግ ለሚሉት ማለት ነው፣ ተርጓሚ፣ ቃሉን ከከንፈር እንቅስቃሴ ጋር የሚያስማማ ጸሓፊ፣ ተዋንያን፣ ስቱዲዮና የድምፅ ባለሙያ ያስፈልጋሉ፤ ወጪውም ፊልሙን አሥር ሰው ቢያየው ሚሊዮን ሰው ቢያየው ያው ነው። ጀርመንኛን ለመሰለ ብዙ ተናጋሪና ብዙ ሲኒማ ላለው ቋንቋ ይህ ቋሚ ወጪ ለሺህ አዳራሽ ተካፍሎ ይቀላል፤ አዳራሹ በጣት በሚቈጠርበት ዘንድ ግን ሸክሙ በጥቂት ትኬት ላይ ይወድቃል።

የዚህን ተቃራኒ ማየት የሚወድ የላትቪያውን «ፍሎው» ይመልከት። ጊንትስ ዚልባሎዲስ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ይህ ፊልም፣ ከጥፋት ውኃ የምትሸሽ ድመትንና በአንዲት ጀልባ የተሰበሰቡ እንስሳትን የሚያሳይ ሲሆን (የኖኅን ታሪክ ለሚያውቅ ተመልካች እንግዳ አይሆንበትም)፣ ብሌንደር በተባለ በነፃ በሚገኝ የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ በ3.5 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተሠርቶ፣ 200 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደ ወጣበት ከሚነገርለት «ኢንሳይድ አውት 2» ጋር ተወዳድሮ በ2025 የኦስካርን ሽልማት ወስዷል። በፊልሙ ውስጥ አንድም የሰው ቃል አይነገርም፤ ስለዚህ ከላትቪያ ወጥቶ የትም ሲሄድ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ቢሆንም ኬላውን ለማለፍ ሲባል የዓለም ደራሲ ሁሉ እንደ ካህኑ ዘካርያስ ዲዳ ይሁን ማለት አይቻልም።

ሌላ መንገድ ያገኙት በርሊኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ለልጆች የተለየ ክፍል ያለው የበርሊን የፊልም ፌስቲቫል፣ ከየአገሩ የመጣውን የሕፃናት ፊልም ከነመጀመሪያ ቋንቋው እያሳየ፣ አንድ አንባቢ የጀርመንኛውን ትርጉም እዚያው በአዳራሹ፣ ፊልሙ እየሄደ፣ በማይክሮፎን እንዲያሰማ ያደርጋል። ያ አንድ ሰው አያትም ሕፃንም ይሆናል፤ የተዋናዩ የራሱ ድምፅም ከሥር ይሰማል። የቋሚው ወጪ አብዛኛው በዚህ ብልሃት ወደ ተለዋዋጭ ወጪ ይለወጣል፤ ፊልሙ ካልታየ ለአንባቢው አይከፈልምና።

ነገሩ እንዲገለጥ በምሳሌ እናስላው። ሙሉ ድምፅ ማልበስ 300,000 ብር ይፈጃል፣ አንባቢ ደግሞ ዝግጅቱን ጨምሮ ለአንድ ትርዒት 3,000 ብር ይቀበላል እንበል። ፊልሙ 20 ቅዳሜ፣ በየጊዜው ለ60 ልጆች ቢታይ፣ የድምፁ ወጪ በመጀመሪያው መንገድ በአንድ ልጅ 250 ብር፣ በሁለተኛው 50 ብር ይመጣል። ሁለቱ መንገዶች የሚስተካከሉት በመቶኛው ትርዒት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስቱዲዮው ይረክሳል፤ ግን በአንድ የሰፈር ሲኒማ መቶ ቅዳሜ የሚዘልቅ የሕፃናት ፊልም ማን አይቶ ያውቃል?

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ሥርዓት ባዕድ ሊሆንበት አይገባም። የመጻሕፍት መምህር ንባቡን በግዕዝ አሰምቶ ትርጓሜውን በአማርኛ ሲያወርድ፣ ደቀ መዝሙሩም በአንድ ጆሮው ቃሉን፣ በሌላው ምሥጢሩን ሲቀበል፣ የበርሊኑን አንባቢ ሥራ ብዙ ዘመን ቀድሞ ሠርቶታል። የድምፅ ሙያውም ቢሆን አለን፤ ቃና ቴሌቪዥን ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ፣ በሌላ ሰው አፍ ላይ ቃል ማኖር የሚችሉ ተዋንያን በአዲስ አበባ ወጥተዋል።

የሚቀረው የከፋይ ነገር ነው። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣችው የፊልም ሕግ ከመንግሥት ድጎማ 25 በመቶው ለሕፃናትና ለወጣቶች ፊልም እንዲውል ደንግጋለች፤ እንግሊዞች በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ1951 የሕፃናት ፊልም ተቋም መሥርተው፣ በሲኒማ ትኬት ላይ ከተጣለ ቀረጥ በሚገኝ ገንዘብ ለቅዳሜ ጠዋት ትርዒት ፊልም ሲያሠሩ ኖረዋል፤ ቀረጡ በ1985 ሲቀር ግን ምንጩ ነጠፈ። ሁለቱም ድጎማውን ያፈሰሱት በፊልም ሥራ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ለድጎማ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ቢገኝ፣ ከፊልም ሠሪው ይልቅ ለአንባቢው ቢሰጥ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ልጆቻችን የሚናገሩት ቋንቋ ብዙ ነው፣ ስቱዲዮውም ለእያንዳንዱ ቋንቋ ወጪውን እንደ አዲስ ይጠይቃል። በአንባቢ ከሆነ ግን ያችው ዲስክ፣ በዚያው አዳራሽ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በአማርኛ፣ 5 ሰዓት ላይ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ልትታይ ትችላለች፤ በመካከሉ የሚለወጠው ማይክሮፎኑን የያዘው ሰው ብቻ ነው።