የስድስተኛ ክፍል አጥንት

የፈተና ወቅት ሲቃረብ በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ከሁሉም ቀድሞ የሚሰረዘው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተና አለባቸው ይባልና ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ተብሎ በፕሮግራም የተያዘው ሰዓት ለሒሳብ ወይም ለእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ይሰጣል። ወላጅ አያማርርም፤ እንዲያውም ትምህርት ቤቱ ለልጄ ተጨነቀልኝ ብሎ ያመሰግናል። ተማሪው ቢከፋውም የሚሰማው የለም። ስፖርት ጨዋታ ነው፣ ጨዋታ ደግሞ ከፈተና በኋላ ይደርሳል የሚል እምነት ሥር ሰዷል። የልጅ አጥንት ግን የፈተናን ፕሮግራም አይጠብቅም።

በካናዳ የሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወንድና ሴት ልጆችን ለዓመታት ተከታትለው አጥንታቸው ውስጥ የሚከማቸውን ማዕድን በየጊዜው ሲለኩ ቆይተዋል። በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጡት ውጤት እንደሚያሳየው የአጥንት ማዕድን በከፍተኛ ፍጥነት የሚከማቸው በሴቶች 12 ዓመት ተኩል፣ በወንዶች 14 ዓመት ገደማ ላይ ነው። በዚያ ወቅት ዙሪያ ባሉት 2 ዓመታት ብቻ አንድ ሰው አዋቂ ሲሆን ከሚኖረው የአጥንት ማዕድን ሩብ ያህሉ ይገባል። በ7 ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ 12 ዓመት የሚሞላው 6ኛ ክፍል፣ 14 የሚሞላው 8ኛ ክፍል ሲደርስ ነው። አጥንት በፍጥነት የሚገነባባቸው ዓመታትና እኛ ልጆቹን ወንበር ላይ የምናጣብቅባቸው ዓመታት አንድ ሆነው ተገኙ ማለት ነው።

አብዛኞቻችን አጥንትን የምናውቀው ደርቆ፣ ነጥቶ፣ የማይለወጥ ነገር ሆኖ ነው። በሕይወት ያለ አጥንት ግን ደም የሚዘዋወርበት፣ በየጊዜው እየፈረሰ የሚታደስ አካል ነው። በውስጡ ኦስቲዮሳይት የሚባሉ ህዋሳት በጥቃቅን ጉድጓዶች ተቀምጠው በቀጫጭን ቅርንጫፎች እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ በዙሪያቸውም ፈሳሽ አለ። ልጅ ዘላ መሬት ስትረግጥ የእግሯ አጥንት በዓይን በማይታይ መጠን ይለመጣል፤ ውሃ የጠጣ ስፖንጅ ሲጫኑት እንደሚሆነው ፈሳሹ ከቦታ ቦታ ይሸሻል። ህዋሳቱ ይህን ፍሰት ያውቁታል። ጫና የበዛበትን ቦታ ለይተው ለገንቢ ህዋሳት ኬሚካላዊ መልእክት ይልካሉ፤ ገንቢዎቹም እዚያው ቦታ ላይ አዲስ አጥንት ያነጥፋሉ። ካልሲየም ከምግብ ይመጣል፤ የት ቦታ፣ ምን ያህል ይነጠፍ የሚለውን ትእዛዝ በአብዛኛው የሚሰጠው ግን እንቅስቃሴ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይገምተው ነገር አለ። አጥንት የሚሰማው ድንገተኛ ጫናን ነው፤ ሲደጋገምበት ደግሞ ቶሎ ይለምደዋል። ሩቢንና ላንየን የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በአእዋፍ የክንፍ አጥንት ላይ በየቀኑ የተቆጠረ ጫና አሳረፉ። በቀን 36 ጊዜ የተጫነው አጥንት አደገ። 1,800 ጊዜ የተጫነው ግን ከ36ቱ የተለየ ጥቅም አላገኘም። ህዋሳቱ በአሥሮች ከሚቆጠር ምት በኋላ መልስ መስጠት ያቆማሉ፤ ስሜታቸው የሚመለሰው ለሰዓታት ካረፉ ነው። ስለዚህ ለአጥንት ሲባል ልጅን ለአንድ ሰዓት ሙሉ ማድከም አያስፈልግም። ጥቂት ዝላይ፣ እረፍት፣ እንደገና ጥቂት ዝላይ ይበቃል። ዋናና ብስክሌት ለልብና ለሳንባ እጅግ ጠቃሚ ቢሆኑም መሬት የመርገጥ ምት ስለሌላቸው ለአጥንት የሚያበረክቱት ትንሽ ነው።

ይህ ሁሉ የዘር ጉዳይ ነው የሚል ካለ የፊንላንድ ሴት የቴኒስና የስኳሽ ተጫዋቾችን ክንድ ይመልከት። በ1995 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የ105 ተጫዋቾች ሁለቱም ክንዶች ተለኩ። የአንድ ሰው ሁለት ክንዶች ዘራቸው አንድ፣ ምግባቸው አንድ ነው፤ የሚለያዩት በሥራ ብቻ ነው። ራኬት የሚይዘው ክንድ አጥንት ከሌላው ይበልጥ ነበር፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። የሚያስገርመው የልዩነቱ መጠን በተጀመረበት ዕድሜ መለያየቱ ነው። የወር አበባ ከማየታቸው በፊት ወይም በዚያው ሰሞን መጫወት የጀመሩት ያገኙት ጥቅም ዘግይተው ከጀመሩት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። በኋላ የሚደረግ ጥረት የማይተካው ጊዜ አለ ማለት ነው።

ጊዜው እንዳያመልጥ ምን ያህል ሥራ ይጠይቃል? በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ከ6 እስከ 10 ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን 61 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ሳጥን ላይ 100 ጊዜ፣ በሳምንት 3 ቀን ሲዘል፣ ሌላኛው ሰውነት የማፍታታት እንቅስቃሴ ብቻ ሠራ። ከ7 ወር በኋላ የዘላዮቹ የጭን አጥንት አንገት ማዕድን ከሌሎቹ በ4.5 በመቶ በልጦ ተገኘ። በእርጅና ዘመን አያቶቻችን ሲወድቁ ብዙ ጊዜ ከሚሰበሩባቸው ቦታዎች አንዱ እዚሁ ዳሌ አካባቢ ነው። ልጆቹ ከዓመታት በኋላ እንደገና ሲለኩ ልዩነቱ ቢቀንስም አልጠፋም ነበር።

ሳጥን የለንም ለሚል ትምህርት ቤት ደግሞ ከካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የመጣ ይበልጥ ቀላል ነገር አለ። በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት ተማሪዎች በቀን 3 ጊዜ ደወል ሲደወል ከወንበራቸው ተነሥተው 10 ጊዜ ብቻ ይዘላሉ። ሁሉም ተደምሮ በቀን 3 ደቂቃ ያህል ነው። ከ8 ወር በኋላ የላይኛው ጭን አጥንታቸው ማዕድን ጭማሪ እንደ ወትሮው ከቆዩት በ2 በመቶ በለጠ። ደወል የሌለው ትምህርት ቤት የለም።

የእኛ ልጆች ጨዋታ ይህን ከማንም በፊት ያውቀዋል። ሰኞ ማክሰኞ የምትጫወትን ልጅ ቆም ብላችሁ እዩ። በአንድ እግሯ ትዘላለች፤ ሙሉ ክብደቷ በአንድ ዳሌ ላይ ያርፋል። ሁለት ሳጥን ጎን ለጎን ሲመጣ በሁለቱም እግሯ ታርፋለች፤ ጫፍ ስትደርስ በአየር ላይ ዞራ ትመለሳለች። ጫናው ከፊት፣ ከጎን፣ በመጠምዘዝ ይመጣል። ከዚያ ተራዋን ትጠብቃለች፤ አጥንቷም በዚያች ቆይታ ጥቂት ያርፋል። ሱዚ፣ ገመድ ዝላይና አባሮሽም እንዲሁ ናቸው። እነዚህን ጨዋታዎች የሥራ ፈት ነገር አድርገን ማየታችን ያሳዝነኛል፤ ጓሮና ሰፈር በጠበበበት፣ ልጅ በሰርቪስ ሄዶ በሰርቪስ በሚመለስበት ከተማ ቦታቸው ትምህርት ቤት መሆን ነበረበት።

ነገር ግን ትምህርት ቤት የሚሰጠው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ራሱ መመርመር አለበት። 40 ደቂቃ ተይዟል እንበል። ስም ይጠራል፤ ወደ ሜዳ ይወጣል፤ ሰልፍ ይያዛል። ትምህርቱ ርዝመት ዝላይ ነው፤ ክፍሉ 60 ተማሪ አለው። አንዱ ተንደርድሮ ዘሎ አሸዋው እስኪስተካከል 20 ሴኮንድ ቢወስድ ሰልፉ አንድ ዙር ለመጨረስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ልጅ በ20 ደቂቃ ውስጥ አንድ ጊዜ ዘለለ፤ የቀረውን ፀሐይ ላይ ቆሞ አሳለፈ። ኳስ ሲሆን ደግሞ 22 ልጆች ይጫወታሉ፣ ሌሎቹ ዳር ይቆማሉ፤ ዳር የሚቆሙት በብዛት ሴቶች ናቸው። ጥፋቱን መምህሩ ላይ ብቻ መጫን ግፍ ነው፤ አንድ ኳስ ሰጥተን 60 ልጅ አስረክበነዋል። ያው መምህር ክፍሉን በ10 ቡድን ከፍሎ ለየቡድኑ ከሲባጎ የተገመደ አንድ ገመድ ቢሰጥ ግን የሁሉም ተራ ቶሎ ቶሎ ይደርሳል። ጉልበት አጠፍ ተደርጎ በእግር ጣት በኩል ቀስ ብሎ ማረፍንም በዚያው ያስተምራል።

የትምህርቱ ሌላኛው ግማሽ፣ ጤና የሚባለው፣ በአብዛኛው ደብተር ላይ ቀርቷል። ተማሪ የደም ዝውውርን ይገለብጣል፤ የበሽታ መንስኤዎችን በተራ ቁጥር ይሸመድዳል። እዚያው ሜዳ ላይ የራሱን ልብ ማጥናት ሲችል! ሁለት ጣቱን ከመንጋጋው ሥር ወደ ጎን አስቀምጦ ለ15 ሴኮንድ ምቱን ይቁጠርና በ4 ያባዛ። 21 ቆጥሮ ከሆነ በደቂቃ 84 ነው። ከዚያ ለ2 ደቂቃ ገመድ ይዝለል፤ ወዲያው ይቁጠር፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ እንደገና ይቁጠር። ምቱ ሽቅብ ወጥቶ ሲወርድ ቁጥሩን ራሱ ያየዋል። መጀመሪያ ላይ በፍጥነት የሚወርደው፣ ልብን የሚያረጋጋው ነርቭ ወደ ሥራው ስለተመለሰ ነው። በየወሩ ቢመዘግበው የሠለጠነ ልብ ቶሎ እንደሚረጋጋ በራሱ ደረት ይማራል። ሒሳብም ባዮሎጂም እዚህ ውስጥ አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ አጥንትና ጡንቻ የሚያጠነክረውም ቢያንስ በሳምንት 3 ቀን እንዲካተት ይመክራል። በ146 አገሮች መረጃ ላይ የተመሠረተው ጥናት በ2016 እ.ኤ.አ. ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ውስጥ 81 በመቶው ከዚህ በታች እንደነበሩ አሳይቷል። ወንዶች 78፣ ሴቶች 85 በመቶ።

ሴቶቹ ወደ ኋላ የሚቀሩት ስለማይወዱ አይመስለኝም። 6ኛና 7ኛ ክፍል ላይ ሰውነቷ የተለወጠባት ልጅ ቱታ ከሌላት በቀሚስ መዝለል ያሳፍራታል፤ ወንዶች ያያሉ፣ ይስቃሉ። የወር አበባዋ ከመጣ የሚዘጋ በር ያለው መጸዳጃ ቤት፣ ውሃና ሞዴስ ያስፈልጋታል። እነዚህ ሲጎድሉ «ዛሬ አሞኛል ቲቸር» ትላለች፤ መምህሩም ሳይጠይቅ ያስቀምጣታል። በወር አበባ ወቅት መንቀሳቀስ ጉዳት የለውም፤ ለብዙዎች እንዲያውም የሆድ ቁርጠቱን ያቀልላል። ሕመሙ የበረታባት ትረፍ። የተቀመጠችው በር ስለሌለው መጸዳጃ ቤት ከሆነ ግን መፍትሔው በሩን መግጠም ነው።

የፀሐይን ነገር በአጭሩ ላንሣ። 13 ወር ፀሐይ አላት በምንላት አገር፣ በአዳማ ከተማና አካባቢዋ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከ10 ልጆች 4 ያህሉ የቫይታሚን ዲ እጥረት እንዳለባቸው አሳይቷል። በከተማ የሚማሩት ከገጠሮቹ በእጅጉ ይብሱ ነበር። ይህ ቫይታሚን በዋናነት የሚሠራው ፀሐይ ባገኘ ቆዳ ውስጥ ነው፤ ያለ እሱ ደግሞ ካልሲየም ከአንጀት በአግባቡ አይገባም። ውጭ መዋል ለዓይንም ይጠቅማል፤ በቻይናዋ ጓንጁ 40 ደቂቃ ተጨማሪ የውጭ ክፍለ ጊዜ በየቀኑ ያገኙ ተማሪዎች ከ3 ዓመት በኋላ የሩቅ ማየት ችግር ያጋጠማቸው 30 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ወደ 40 በመቶ ደርሰዋል። ሜዳ መውጣት ብቻውን እንኳ ዋጋ አለው።

«ውጤቱስ?» ለሚል ወላጅ መልስ አለ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2010 እ.ኤ.አ. 50 ጥናቶችን መርምሮ በትምህርት ቤት እንቅስቃሴና በትምህርት ውጤት መካከል 251 ግንኙነቶችን ተመለከተ። ግማሽ ያህሉ ጥቅም አሳዩ፤ 48 በመቶ ምንም ለውጥ አላሳዩም፤ ጉዳት የታየባቸው 1.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለስፖርት የተሰጠ ሰዓት የሒሳብ ውጤትን ይጥላል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም።

ስለ ስፖርት መምህር ሲነሣ ሁላችንም በቆጂን እናነሣለን። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በዚያች ከተማ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በእጃቸው አልፈዋል። ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን የስፖርት ክፍለ ጊዜ ዓላማ ሻምፒዮን መፈለግ ብቻ ከሆነ ሩጫ የማይሆንላት፣ ኳስ የማትወድ፣ ሰልፉ መጨረሻ ላይ የምትቆመው ልጅ ትረሳለች። በ70 ዓመቷ ደረጃ ስትወርድ ወድቃ ዳሌዋ እንዳይሰበር ዛሬ መዝለል ያለባት እሷ ናት።

በሚቀጥለው የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጡና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ባለፈው ሳምንት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ልጄ በእግሯ ቆማ ተራ የጠበቀችው ስንት ደቂቃ ነው፣ የተንቀሳቀሰችውስ ስንት ደቂቃ? ርእሰ መምህሩ ካላወቁ መምህሩ ሰዓት ይዘው ቆጥረው በሚቀጥለው ስብሰባ መልሱን ያምጡ። ትምህርት ቤቱ ገመድ መግዣ ካጣም በዚያው ስብሰባ ላይ አዋጡ።